ዝምታ የጤና ምልክት አይደለም

በአገራችን ቋንቋ ሰው እጅግ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ሌላውን ያበሳጨ ሰው ደግሞ «ቆሽቱን አሳረረው» ይባልበታል። ይህን አነጋገር ያቆዩልን አባቶች የሐኪም መጽሐፍ ገልጠው የተናገሩት አይደለም። ነገር ግን ከሆድ ዕቃ ሁሉ መርጠው ቆሽትን የቃጠሎ ምሳሌ አድርገውታል። ቆሽት በእውነት ሲያርር የሚያመጣው ሥቃይ ከምሳሌው የሚያንስ እንዳልሆነ ዛሬ የሕክምና ትምህርት ያስረዳናል። የዛሬው ርእሰ ነገራችንም ይኸው ሥቃይ ነው፤ ይልቁንም ሥቃዩን ለማስታገስ የሚደረገው ምርምር ለወጣት ተማሪዎቻችንና ለመንግሥት ሠራተኞቻችን ምን እንደሚያስተምር ነው።

ቆሽት ከጨጓራ በስተኋላ፥ ከአከርካሪ አጥንት በስተፊት የተጋደመ ዕጢ ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የበላነውን ምግብ የሚያልም ብርቱ ፈሳሽ ወደ አንጀት መላክ ነው፤ ሁለተኛው ኢንሱሊንን ወደ ደም እያስገባ የስኳርን መጠን መጠበቅ ነው። ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ በሐሞት ጠጠር ሲዘጋ፥ ወይም ዕጢው በመጠጥ ብዛት ሲጎዳ፥ ምግብን ሊያልም የተዘጋጀው ፈሳሽ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ሥራውን ይጀምርና የገዛ ቤቱን መብላት ይይዛል። ወስፋትም አልፎ አልፎ ወደ ሐሞት ቱቦ ገብቶ ይህንኑ ጥፋት ያመጣል። በሽታው ድንገተኛ የቆሽት ብግነት ይባላል። ከአምስቱ ሕመምተኞች አራቱ ያህል በጥቂት ቀናት ሕክምና ይድናሉ። በቀሩት ዘንድ ግን በሽታው ይከፋል፤ ሳንባ ወይም ኩላሊት ሊደክም፥ የደም ግፊትም ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በተሻሻለው የአትላንታ አከፋፈል መሠረት፥ ይህ ድካም ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ በሽታው ብርቱ ተብሎ ይመደባል። ብዙ ሰው የሚሞተውም ከዚህ ክፍል ነው።

የዚህ በሽታ ሥቃይ ከላይኛው ሆድ ይነሣና እንደ ጦር ወደ ጀርባ ይወጋል። ሰውዬው በጀርባው ቢተኛ ይብስበታል፤ ጎንበስ ብሎ ቢቀመጥ ጥቂት ይቀልለዋል። ሥቃዩ ሲበረታ በረዥሙ መተንፈስ ያስቸግረዋል፤ ትንፋሹ ባጠረ ቁጥርም ሳንባው በሙሉ ሳይከፈት ይቀራል። ስለዚህ ሥቃይን ማስታገስ የርኅራኄ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ከሕክምናው ክፍሎች አንዱ ነው።

አሁን ይህ በሽታ ያገኘውን አንድ የደቡብ ጎንደር ገበሬ በሐሳባችን እንመልከት። ከጉና ተራራ ሥር ካለ መንደር ሌሊቱን ሆዱን ይዞ ሲገላበጥ ያድራል። ሲነጋ ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ያወርደዋል፤ ከዚያም ደብረ ታቦር ይደርሳል። አልጋ ይዞ ከተኛ በኋላ አንዲት ወጣት ነርስ መጥታ «አባቴ፥ እንዴት ነዎት?» ብላ ትጠይቀዋለች። እርሱም ላብ በግንባሩ እየወረደ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ ልጄ» ይላታል። ነርሷም «ደኅና ናቸው» ብላ ትጽፍና ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች።

እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም። ጥያቄው ሰላምታ ነበረ፤ መልሱም ሰላምታ ሆነ። የደጋው ሰው ሕፃን ሆኖ ጀምሮ የተማረው ሕመምን መቻልን ነው። ጨዋ ሰው በሰው ፊት አያቃስትም፤ በታመመም ጊዜ ፈጣሪውን ሳያመሰግን አይውልም። ይህ የምንኮራበት ጠባይ ነው፤ ይለወጥ የምንለውም አይደለም። ነገር ግን በሆስፒታል ውስጥ ይህ ጨዋነት በሌላ ሰው ንዝህላልነት ከተመነዘረ፥ የታገሠ ሰው በትዕግሥቱ ይቀጣል፤ የጮኸ መድኃኒት ሲያገኝ ዝም ያለው ሳያገኝ ይቀራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረታችን በሽተኛውን ይወቅሳል። እኛ ግን ዛሬ ተረቱን ወደ ጠያቂው መልሰን፥ በሽታው የተደበቀው በእውነት ተጠይቆ ነውን? እንላለን።

የመጀመሪያው መፍትሔ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ሕመምን ከሰላምታ ለይቶ መጠየቅ ነው። በዓለም ሐኪሞች ዘንድ ሕመምን ከዜሮ እስከ 10 በሚደርስ ቁጥር መለካት የተለመደ ሆኗል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ጣቶቹን መቁጠር አያቅተውም። «አባቴ፥ ምንም ካላመመዎ እጅዎን ይጨብጡ፤ ከዚህ የባሰ የለም የሚሉት ከሆነ አሥሩንም ጣትዎን ይዘርጉልኝ» ቢባል ስምንት ጣት ሊዘረጋ ይችላል፤ ይህንንም ለማድረግ ማቃሰት አያስፈልገውም፤ ጨዋነቱም አይነካበትም። ቁጥሩ ከትኩሳቱና ከደም ግፊቱ አጠገብ ይጻፋል። መድኃኒት ከተሰጠው በኋላም ተመልሶ ይጠየቃል። ያልተለካ ነገር መሻሉም መባሱም አይታወቅምና።

ሁለተኛው መፍትሔ መድኃኒቱ ነው። ለብርቱ ሥቃይ ሞርፊንና መሰሎቹ የታወቁ ናቸው። ሞርፊን የሐሞት ቱቦን መውጫ ያጠብቃል፤ ስለዚህ የቆሽት ሕመምተኛን ይጎዳል የሚል ትምህርት ለብዙ ዘመን ሲሰጥ ኖሯል። በሕመምተኞች ላይ የተደረጉት ምርመራዎች ግን ይህ ፍርሃት እውነተኛ ጉዳት ማስከተሉን አላሳዩም። ሆኖም ይህ መድኃኒት ሲበዛ ትንፋሽን ያደክማል፤ አንጀትንም ያሰንፋል። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች ሌላ መንገድ ሲፈልጉ ቆይተዋል፤ መላውን ሰው ከማደንዘዝ ይልቅ ሕመሙን የሚያመላልሱትን ነርቮች ብቻ ለይቶ ማደንዘዝ ይቻላልን? ብለው ጠይቀዋል።

ይህ የክፍል ማደንዘዣ ጥበብ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1884 በቪየና ካርል ኮለር የተባለ ወጣት ሐኪም ኮኬይን ዓይንን አደንዝዞ ለቀዶ ሕክምና እንደሚያመች አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1898 ጀርመናዊው አውጉስት ቢር መድኃኒቱን በአከርካሪ ውስጥ መስጠትን ፈተነ፤ ሙከራውንም ከረዳቱ ጋር በየራሳቸው አካል ላይ አደረጉት። ቢር ከዚያ በኋላ ብርቱ ራስ ምታት እንደ ያዘው ሳይደብቅ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1921 ደግሞ ስፔናዊው የጦር ሐኪም ፊደል ፓጄስ መድኃኒቱን ከኅብለ ሰረሰር ሽፋን ውጭ የማሳለፍን ዘዴ ገለጠ። ዛሬ ኤፒዱራል የሚባለው ይኸው ነው።

ለቆሽት ሕመምተኛ ሲሆን የሰመመን ባለሙያው በመካከለኛው ጀርባ በኩል እጅግ ቀጭን ቱቦ ያስገባል። በቱቦው ጥቂት በጥቂት የሚወርደው ማደንዘዣ ከቆሽት የሚመጣውን የሕመም መልእክት በመንገዱ ይገታዋል። ከዚህም በላይ ደም ሥርን የሚያጠብቡትን ነርቮች ስለሚያላላ፥ ለታመመው ዕጢ ደም ይበልጥ ሊደርሰው ይችላል የሚል ተስፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጄኔቭ የታተመ በ35 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናትም ወደ ቆሽት የሚደርሰው ደም በኤፒዱራል እንደሚሻሻል አሳይቷል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ምክንያቱም ያሳምናል። ነገር ግን ያሳመነ ሁሉ እውነት ነውን? ወጣት አንባቢያን በዚህ ጥያቄ ላይ ቆም እንዲሉ እንፈልጋለን።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በ17 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የታከሙትን 1,003 የቆሽት ሕመምተኞች መዝገብ መረመረ። ከእነዚህ መካከል ኤፒዱራል የተደረገላቸው 46 ብቻ ነበሩ። በ30 ቀን ውስጥ ኤፒዱራል ካገኙት ከመቶ 2፥ ካላገኙት ከመቶ 17 ሞቱ። ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ምን ይጠበቃል? ለሁሉም ይደረግ» ሊል ይችላል።

ተመራማሪዎቹ ግን እንዲህ ብለው አልቸኮሉም። ያንን ጥናት የመራው ፈረንሳዊው ሐኪም ማቲዩ ዣቦዶንና ባልደረቦቹ ኤፒፓን በሚባል ሌላ ጥናት በ10 የፈረንሳይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች 148 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ኤፒዱራል ተጨመረ፤ ለሁለተኛው የተለመደው ሕክምና ብቻ ተሰጠ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታተመ። በ30 ቀን ውስጥ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ በቆዩበት ቀን ብዛት በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። እንዲያውም መሣሪያው ካስፈለጋቸው መካከል ኤፒዱራል ያገኙት ረዘም ላለ ጊዜ በመሣሪያው ላይ ቆዩ። ተመራማሪዎቹ ተስፋቸውን የሚያፈርሰውን ይህን ውጤት በራሳቸው ስም አሳተሙት።

ሁለቱ ጥናቶች እንዴት ተለያዩ? የደቡብ ጎንደር የገበሬ ልጅ ይህን ከማንም ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል። አንድ ገበሬ አዲስ የድንች ዘር አግኝቶ ፍግ በጠገበው ጓሮው ቢተክለው፥ የዱሮውን ዘር ግን በተራቆተው ተዳፋት ቢተክለው፥ በመከርም ጊዜ «አዲሱ ዘር በለጠ» ቢል የበለጠው ዘሩ ነው ወይስ መሬቱ? ሐኪምም ኤፒዱራል የሚያደርግለትን ሰው ሲመርጥ ደሙ በደንብ የሚረጋውን፥ የደም ግፊቱ ያልወረደውን፥ በደሙ ውስጥ መመረዝ የሌለበትን ይመርጣል። ይህም ትክክል ነው፤ ያለዚያ ቱቦው የደም መቋጠርን፥ መመረዝን ወይም የደም ግፊት መውደቅን ሊያስከትል ይችላል። ነገር ግን የተመረጠው ሰው ቀድሞውንም የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነበረ። ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት በሒሳብ ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ሒሳቡ ግን በመዝገብ ያልተጻፈውን ሊያስተካክል አይችልም። ዕጣ ግን ለሁለቱም ዘር ከለሙም ከተራቆተውም መሬት ያካፍላቸዋል። በዕጣ የሚደረግ ጥናት ክብሩ በዚህ ነው።

ይህ ማለት ኤፒዱራል የማይረባ ነገር ነው ማለት አይደለም። በታላላቅ ቀዶ ሕክምናዎች ሕመምን ለማስታገስ ያለው ጥቅም የታወቀ ነው። የፈረንሳዩ ጥናት የነገረን፥ ለብርቱ የቆሽት ሕመምተኛ ሁሉ በደንብ ቢደረግ ከአስጊው ሁኔታ ያወጣዋል ማለት እንደማይቻል ነው። ዛሬ ደግሞ ከጀርባ ጡንቻ ሥር በአልትራሳውንድ እየተመሩ መድኃኒት የማፍሰስ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተገለጠው ይህ ዘዴ መርፌው ከኅብለ ሰረሰር ርቆ ስለሚያርፍ ሥጋቱ የሚቀንስ ይመስላል። ለቆሽት ሕመምተኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም ግን በሰፊው ሊመረመር የሚገባው ነው። አዲስ ነገር በመሆኑ ብቻ ልንይዘውም ልንጥለውም አይገባም።

እንግዲህ ይህ ነገር ደብረ ታቦርን ምን አገባት? የሚል ይኖራል። «እኛ አልጋ የሚያጥረን ሰዎች ነን፤ የሕመም ምርምር የሀብታም አገር ሥራ ነው» የሚል ድምፅም ይሰማል። ይህ አስተሳሰብ በሁለት ምክንያት የተሳሳተ ነው። አንደኛ፥ መሣሪያና መድኃኒት የጎደለበት አገር ካለው ጥቂት ነገር የትኛው እንደሚጠቅም ማወቅ ከሀብታሙ ይልቅ ያስፈልገዋል፤ ሀብታም ቢሳሳት ገንዘቡን ያጣል፥ ድኻ ቢሳሳት ግን ሕመምተኛውን ያጣል። ሁለተኛ፥ ታላላቅ ጥያቄዎች በቀላል ነገር ላይም ይነሣሉ። ለቆሽት ሕመምተኛ በመጀመሪያው ቀን ፈሳሽ በብዛት መስጠት ይጠቅማል ተብሎ ሲሠራበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት በሕንድ፥ በጣልያን፥ በሜክሲኮና በስፔን በሚገኙ 18 ሆስፒታሎች 249 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ብዙና መጠነኛ ፈሳሽ ተሰጣቸው። ብዙ ፈሳሽ ካገኙት ከመቶ 20 ያህሉ በፈሳሽ ብዛት ተጎዱ፤ መጠነኛ ካገኙት ግን የተጎዱት ከመቶ 6 ያህል ነበሩ። ብዛቱም አንዳች ብልጫ ስላላመጣ ጥናቱ ሳይፈጸም ቆመ። የተመረመረው ነገር በየጤና ጣቢያው ያለው የግሉኮስ ከረጢት ዘመድ ነው፤ ውድ መሣሪያ አይደለም።

ደብረ ታቦር ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሐኪሞች፥ ነርሶችና የሰመመን ባለሙያዎች የሚማሩባት ከተማ ሆናለች። በስተሰሜን በ1947 ዓ.ም. በጤና አጠባበቅ ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደሩ የሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ በስተምዕራብም ባሕር ዳር አለ። በአንድ ከተማ የሚገኙ ብርቱ የቆሽት ሕመምተኞች በዓመት ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከጥቂት ሰውም እርግጠኛ ነገር አይገኝም። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። ሦስቱ ከተሞች በአንድ ዓይነት ቅጽ፥ በአንድ ዓይነት መለኪያ ቢመዘግቡ፥ አዲስ አበባም ብትጨመር፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የራሳችን የሆነ እውቀት ይከማቻል።

ሥራው ከየት ይጀመር? ከመርፌው ሳይሆን ከመዝገቡ ይጀመር። ሕመምተኛው በሽታው ከጀመረው በስንተኛው ሰዓት መጣ? ሲገባ ሕመሙ ስንት ጣት ነበረ? የመጀመሪያውን የሕመም ማስታገሻ ለማግኘት ስንት ሰዓት ጠበቀ? ከአንድ ሰዓትና ከስድስት ሰዓት በኋላስ ስንት ጣት ቀረው? የበሽታው መነሻ የሐሞት ጠጠር ነው፥ መጠጥ ነው ወይስ ወስፋት? እነዚህን ጥያቄዎች በትጋት ለአንድ ዓመት የመዘገበ ተማሪ ከሌላ አገር መጽሐፍ ገልብጦ መመረቂያ ከሚጽፈው ይልቅ አገሩን ያገለግላል። ውጤቱ የማያስደስት ቢሆንም እንኳ ይጻፍ። «ስድስት ሰዓት ጠበቀ» ተብሎ የተጻፈ እውነት አሳፋሪ አይደለም፤ አሳፋሪው ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

መዝገቡ ከተደላደለ በኋላ የክፍል ማደንዘዣን ጥቅም መመርመር ይከተላል። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በሥቃይ ላይ ያለ ሰው «ይህን ፈርም» ቢሉት ይፈርማል፤ በሥቃይ የተሰጠ ፊርማ ግን ፈቃድ አይባልም። አስቀድሞ ሥቃዩ በሚገኘው መድኃኒት ይቀነስለት። ከዚያም ጥናቱ ምን እንደ ሆነ፥ ምን ሥጋት እንዳለው፥ እንቢ ቢልም ሕክምናው እንደማይጓደልበት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። አውጉስት ቢር መርፌውን በራሱ ላይ የፈተነ ሰው ነበረ። ዛሬ ተማሪ እንዲህ ያድርግ አንልም፤ ግን መርፌውን ሲያነሣ «ይህ ለአባቴ ቢሆን እፈቅድ ነበርን?» ብሎ ይጠይቅ።

ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞችም የምንለው አለ። ሕመምን መለካትና ማስታገስ የሆስፒታሎች መደበኛ ሥራ እንዲሆን የጤና ሚኒስቴር «ከሕመም ነፃ ሆስፒታል» በሚል ዕቅድ መንገዱን አመልክቷል። ዕቅድ ግን በራሱ እግር አይሄድም፤ የሚያስኬደው የግዢ፥ የመጋዘንና የሂሳብ ሠራተኛው ነው። ሞርፊን በቁጥጥር ሥር መሆኑ የተገባ ነው። በአሜሪካ አገር እነዚህ መድኃኒቶች ያለ ልክ በመታዘዛቸው የደረሰው ጥፋት ለዓለም ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆኗል። ነገር ግን ቁልፍ የተሠራው ሌባን ለመከልከል እንጂ ሕመምተኛን ለመከልከል አይደለም። የመድኃኒት ሣጥን ቁልፍ የያዘው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቁልፉን ለተረኛው ካላስረከበ፥ መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ሕመምተኛው ሲሠቃይ ያድራል። የመድኃኒት መጠየቂያ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ሦስት ቀን ያሳደረ ጸሐፊ ሕመምተኛውን በዓይኑ አላየውም፤ ሆኖም በሥቃዩ ውስጥ ድርሻ አለው። ይህን ማሰብ የሠራተኛ ግብረ ገብነት መጀመሪያ ነው።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ጥበበኞችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡበት ነው። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ የወጣው ከዚያ ነው። ንጉሡ ከውጭ የመጣውን ጥበብ በማየት ብቻ ሳይወሰኑ በአገራቸው ምድጃ ላይ እንዲፈተን ፈለጉ። የዛሬው የደብረ ታቦር ምድጃ የተማሪው መዝገብና የሕመምተኛው አልጋ ናቸው። በዚያ ላይ የሚፈተነው ነገር ድምፅ የለውም፤ አንድ ገበሬ በመጣበት ቀን ስምንት ጣት ዘርግቶ በማግሥቱ ሁለት ብቻ ሲዘረጋ ማየት ነው።

እንግዲህ ወጣቶቻችን ሁለቱን አንድ ላይ ይያዙ። ሥቃይን ለማቅለል ይቸኩሉ፤ መድኃኒትን ለማመስገን ግን አይቸኩሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን የደጋ ሰው ምስጋና በአክብሮት ይቀበሉ፤ ከተቀበሉ በኋላም ከአልጋው አጠገብ ዝቅ ብለው «እሱስ ይመስገን አባቴ፤ ሕመሙ ግን ስንት ጣት ነው?» ብለው ይጠይቁ።